የቀያሽ ዝናው አበጋዝ የሕይወት ታሪክና ስለ ጥድ አፋፍ መንገድ የተናዘዙት ቃል

አቶ ዝናው አበጋዝ ከአባታቸው ከአቶ አበጋዝ ወልደሥላሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰብለወንጌል ካሴ፣ በአምባሰል ጥድ አፋፍ በምትባል መንደር ሚያዝያ 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን በእርግጠኝነት የጻፍነው እሳቸው ራሳቸው የክርስትና አባታቸውን ጠይቀው፣ የእሳቸው ቃል ብቻ አልበቃ ስላላቸውም በዚያ ዓመት ከተወለዱ ሦስት የጎረቤት ልጆች ዕድሜ ጋር አስተያይተው ስላረጋገጡት ነው። የምታውቋቸው ሁሉ በዚህ አትደነቁም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በጥድ አፋፍ ማርያም ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በ1955 ዓ.ም. ወደ ሐይቅ ከተማ ወርደው፣ በውኃው ዳር ከሚኖሩ አክስታቸው ቤት ተጠግተው የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጀመሩ። የአክስታቸው ባል ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሕፃኑ ዝናው የዓሣውን ዓይን ሳያይ ትኩስ መሆኑን አያምንም ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ በዘመድ መካከል ይወራል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. አጠናቀቁ።

በ1965 ዓ.ም. የመንገድ ቅየሳ ቡድን ወደ ወሎ ሲመጣ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥረው ለቀያሾች የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ይጎትቱ ጀመር። የሰንሰለቱን ቀለበት አንድ በአንድ ቆጥረው ሁለት ቀለበት እንደጎደለው ለአለቃቸው በመናገራቸው፣ አለቃቸው መጀመሪያ ተቆጥተው ኋላ ግን ረዳት ቀያሽ አደረጓቸው። በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዘጠኝ ወር ሥልጠና ወስደው በቀያሽነት ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ከሰቆጣ እስከ ጋሞ፣ ከአፋር በረሃ እስከ ጎንደር ደጋ በድንኳን እያደሩ፣ ከቀን ሠራተኝነታቸው ጀምሮ በጠቅላላው አርባ ሁለት ዓመት አገለገሉ። በአውቶቡስ ሲጓዙ አዲስ ድልድይ ላይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» ብለው ወርደው፣ ድልድዩን ከሥር አይተው፣ በእግራቸው ተሻግረው ማዶ የሚሳፈሩ ሰው ነበሩ። ሹፌሮች ያውቋቸው ስለነበር ይጠብቋቸዋል።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፋና መርሻ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሰላማዊትን፣ እንዳለንና አሰገደችን ወለዱ። ልጆቻቸውን በፍቅር ቢያሳድጉም በቀላሉ የሚታለሉ አባት አልነበሩም። ከትምህርት ቤት «አንደኛ ወጣሁ» ብለን እየሮጥን ስንመጣ «ከስንት ተማሪ?» ይሉናል። ሰላማዊት ስታገባ የሙሽራውን ዘር በሦስት ቀበሌ አስጠይቀው፣ አራተኛውን ራሳቸው ሄደው ጠየቁ። እናታችን ግን የእሳቸውን ጥርጣሬ እንደ ክረምት ብርድ ለምደውት ነበር፤ «ዝናው የሚጠረጥረው የሚወደውን ነው» ይሉ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተው ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ጥድ አፋፍ ተመለሱ።

ከዚህ በታች ያለው ክፍል በፕሮግራሙ ላይ እንዳይወጣ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው መጥተው «ለቀብር አይሆንም» ሲሉ መክረውናል። ምክራቸውን በአክብሮት ሰምተናል። ለምን እንደመከሩን ግን ገና እያሰብንበት ነው። አባታችን ይነበብ ስላሉ ይነበባል።

በ2009 ዓ.ም. ከማዕከላዊ መንግሥት ለገጠር መንገድ ማሻሻያ በጀት እንደተያዘና ከደሴ ወልዲያ አስፋልት ተገንጥሎ ጥድ አፋፍ የሚደርስ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ እንደሚሠራ በስብሰባ ተነገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባታችን አላጨበጨቡም። ይህ መንገድ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሊሠራ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ነበርና። እጃቸውን አውጥተው «ገንዘቡ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሙሉ ነው። እዚህ ሲደርስስ ሙሉ መሆኑን ማን ነው የሚለካው?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው «አባባ፣ መንግሥትን ይጠራጠራሉ እንዴ?» አላቸው።

«መንግሥትን ብቻ አይደለም፤ ሜትሬንም እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ነው ሁለት የምይዘው» አሉ።

ሰው ሳቀ። ሆኖም ሥራውን የሚከታተሉ ሦስት የአገር ሽማግሌዎች ሲመረጡ የመጀመሪያው አባታችን ሆኑ። ሁለተኛው ጎረቤታቸውና የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ኸሚስ እንድሪስ ነበሩ። ሦስተኛው ዛሬ በሕይወት የሉም። አቶ ኸሚስና አባታችን አንድ አጥር ይጋራሉ። በዒድ ከእነሱ ቤት ወደ እኛ፣ በፋሲካ ከእኛ ቤት ወደ እነሱ በግ በቁሙ ይላካል፤ ሁሉም በየወጉ ያርዳል። እኛ ልጆቻቸው ከሁለቱ ቤት የትኛው የእኛ እንደሆነ ሳንለይ ነው ያደግነው።

የአቶ ኸሚስ ልጅ ሙጂባ ስምንት ዓመት ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነው። መንገዱ ሊወጣ ነው ሲባል ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ አሮጌ ሚኒባስ ገዛች። ከጥድ አፋፍ ሐይቅ ገበያ ሰው ላመላልስ ብላ ነው። አባታችን «መንገዱን ሳታዪ መኪና ትገዣለሽ?» ቢሏት፣ «ጋሽ ዝናው፣ እርስዎን ብሰማ ኖሮ ጂዳም አልሄድም ነበር። ኢንሻአላህ ይሠራል» ብላ መለሰችላቸው።

ሥራው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። አባታችን በየማለዳው አንድ የብረት ዘንግ፣ ሁለት ሜትርና አንድ ደብተር ይዘው ይወጡ ነበር። በአስፋልቱ መገንጠያ የተተከለው ሰሌዳ የጠጠሩ ውፍረት ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። እስከ አራተኛው ኪሎ ሜትር ሃያ፣ አንዳንድ ቦታም ሃያ አንድ ሆነ። የጉብኝት መኪኖች መጥተው የሚዞሩት እዚያው አራተኛው ላይ መሆኑን አባታችን በደብተራቸው ጽፈዋል። ከአምስተኛው በኋላ አሥራ ሦስት ሆነ። ከዘጠነኛው በኋላ ሰባት። ከአሥራ አራተኛው ወዲያ ዘንጉ ገና ሲነካው አፈር ያወጣ ጀመር። የሥራውን ዕቅድ እንዲያሳዩአቸው ሲጠይቁ ቢሮ ነው ያለው ተባሉ፤ ቢሮ ሲሄዱ ሳይት ነው ያለው ተባሉ። ሙጂባም ነገሩ እያሳሰባት ሲመጣ አብራቸው እየወጣች ዘንጉ የተወጋበትን ሁሉ በስልኳ ፎቶ ታነሳ ጀመር።

ከሁሉ ያስፈራቸው የሾላ ወንዝ ነበር። በዚያ ሰፊ ወንዝ ላይ የተቀበረው የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ አንድ ብቻ ነው። አንድ ወጣት መሐንዲስ «አባባ፣ ለዚህ ውኃ ይበቃዋል» ሲላቸው፣ ከራሳቸው በላይ በወንዙ ዳር ባለ ሾላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣር አሳይተው «ልጄ፣ ያን ሣር እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?» አሉት። መሐንዲሱ ሣሩን አየ፣ ወንዙን አየ። ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ ተባለ። በራሱ ጥያቄ ይሁን በሌላ፣ የነገረን የለም።

በየካቲት ወር አባታችንና እናታችን ልጃቸውን እንዳለን ሊጠይቁ ኮምቦልቻ ሰንብተው ሲመለሱ፣ ግሬደሩ ከዋናው መንገድ እስከ ቤታቸው በር መቶ አርባ ሜትር ጠርጎ፣ ጠጠር አልብሶ፣ ረግጦ ጠበቃቸው። ማንም አልጠየቀም፤ ማንም አልፈቀደም። አባታችን ጓዛቸውን ሳያስገቡ በመጀመሪያ ያደረጉት መለካት ነው። ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነበር። ከአሥራ ዘጠኙ ኪሎ ሜትር ሁሉ እንደ እሱ የወፈረ ጠጠር አላገኙም።

መንደሩ ግን የሚያየው መንገዱን እንጂ ሐሳባቸውን አይደለም። «ዝናውም ዋጋው ታወቀ» ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰላምታው ቀዘቀዘ። እርሻ ላይ ሰብሰብ ብሎ የሚጫወት ሰው እሳቸው ሲደርሱ ዝም ይል ጀመር። አንድ ቀን እናታችን ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ «እናንተማ መኪና በደጃችሁ እያለ ለምን ትሸከማላችሁ?» ተባሉ። አባታችን ለወር ያህል እህል አልወርድላቸው አለ። ሰው ሁሉ በሚያያቸው ዓይን፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሲያዩ እንደኖሩ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለናል።

በዚያ ወር ደጃቸውን የረገጡት አቶ ኸሚስ ብቻ ነበሩ። ዶማ ተሸክመው መጡ። «ዝናው፣ ይህን መንገድ እንዳልለመንካቸው እኔ አውቃለሁ። ሌላው አያውቅም። አፍርሰን እናሳየው» አሉ። ሁለቱ የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌዎች የተረገጠውን ጠጠር አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በዶማ ፈነቀሉት። ጠጠሩን በአህያ እየጫኑ መንገዱ እጅግ ከሳሳበት ከአሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አፈሰሱት። የተፈነቀለው መሬት ላይ ገብስ ተዘራበት፤ ገብሱ ቀጫጫ ሆኖ ወጣ። የሰው ፊት ግን ተፈታ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. የርክክቡ ቀን ደረሰ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ወረቀት ቀረበላቸው። አባታችን «ሃያ የሚል ወረቀት ላይ ሰባት ለክቼ አልፈርምም» ብለው መለሱት። ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ አንዱ ኃላፊ «ከሦስቱ የሕዝብ ተወካዮች ሁለቱ ተረክበው ፈርመዋል» ብሎ ስማቸውን አነበበ። አንደኛው ስም አቶ ኸሚስ እንድሪስ የሚል ነበር። አቶ ኸሚስ ዓይናቸውን ለመታከም ደሴ ሄደው ስለነበር በቦታው አልነበሩም። መቅረታቸው ለአባታችን ሌላ ጥርጣሬ ሆነ። በዚያው ወር ደግሞ የአቶ ኸሚስ ቤት ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለውጦ ነበር። እናታችን «ልጁ ሙስዓብ ከሪያድ ልኮለት ነው» ቢሏቸው፣ አባታችን «ሐዋላውን አየሽው?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛቸውን ግን አልጠየቁም።

ነሐሴ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. የሙስዓብ ባለቤት ኢንሳፍ ምጥ ያዛት። ሙጂባ በሚኒባሷ አሳፍራ ወደ ሐይቅ ስትገሰግስ ሾላ ወንዝ መንገዱን ቆርጦት አገኘችው። ቱቦው በግንድና በድንጋይ ታፍኖ፣ ውኃው በላዩ እየሄደ ነበር። ከማዶ ቃሬዛ ይዘው የመጡ ሰዎች ሦስት ሰዓት ቆመው ቢጠብቁም መሻገር አልቻሉም። ኢንሳፍ እዚያው መኪናው ውስጥ ወለደች። ሕፃኗ አልተረፈችም።

በማግስቱ ሰው በአቶ ኸሚስ ግቢ ለለቅሶ ተቀምጦ ሳለ አባታችን ገቡ። ሰው ሁሉ አጽናኝ መስሎት ቦታ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን ቆመው «ኸሚስ፣ ይችን ልጅ ውኃ አልገደላትም። የገደላት እዚያ ወረቀት ላይ ያሳረፍከው ጣት ነው» አሉ።

አቶ ኸሚስ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ወላሂ አልፈረምኩም» አሉ።

«እንዲህ የማይል ሌባ የለም። ያ ቆርቆሮ ምን ሊለን ነው?» ብለው በእጃቸው ጣሪያውን አሳዩ።

 የተናገሩት ዝናው አበጋዝ ናቸውና፤ ዝናው ሳይለካ አይናገርም ተብሎ የታመነ ነበርና፣ ነገሩ በአቶ ኸሚስ ላይ እንደ ማኅተም ተመታ። እናታችን ቤት ሲደርሱ «ዝናው፣ ዛሬ ሳትለካ ተናገርክ» አሏቸው።  ከዚያ ወዲያ ለዒድም ለፋሲካም በግ አልተላከም።

አባታችን ከዚህ በኋላ ቁጣቸውን ሁሉ በመንገዱ ላይ አዋሉት። ደብተራቸውንና የሙጂባን ፎቶዎች አያይዘው ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጻፉ። ሙጂባ አባቷን ያዋረዱትን ሰው ፎቶውን ልትከለክላቸው ትችል ነበር። አልከለከለችም። «ፎቶው የመንገዱ ነው፤ የእኔና የእርስዎ አይደለም» ብላ ሰጥታቸው ሄደች። ለአሥራ አምስቱ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ለአንዱ «ጉዳዩ በሒደት ላይ ነው» የሚል መጣ። በአሥራ ሰባተኛው ምክንያት ይሁን በሌላ ሰው ግፊት ባናውቅም፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሦስት ተቆጣጣሪዎች መጡ።

ተቆጣጣሪዎቹ መኪናችን ውስጥ ይግቡ ሲሏቸው አባታችን እምቢ አሉ። «ከዚህ መኪና ስወርድ ውስጥ ምን እንደተባባልን ሕዝቡ በምን ያውቃል?» አሉ። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎቹ አሥራ ዘጠኙን ኪሎ ሜትር ከእሳቸው ጋር በእግራቸው ሁለት ቀን ሄዱ። የሚቆፈርበትን ቦታ ተቆጣጣሪዎቹ እንዳይመርጡ ተከራከሩ። ተቆጣጣሪዎቹም እሳቸው እንዳይመርጡ ተከራከሩ። በመጨረሻ ከመንገድ የተገኘ አላፊ አግዳሚ ድንጋይ እየወረወረ ድንጋዩ ያረፈበት ይቆፈር ጀመር። ሠላሳ ስምንት ጉድጓድ ተቆፈረ። የቡድኑ መሪ የሆኑት ሴት ሲያበቁ «ጋሼ፣ የእርስዎ ደብተርና የእኛ ልዩነት አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው» አሏቸው። አባታችን «የማንኛችን ነው የተሳሳተው?» ብለው ጠየቁ።

በ2013 ዓ.ም. መንገዱ ከዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ እንደገና ጠጠር ለበሰ፤ በሾላ ወንዝም ላይ ሦስት ቱቦ ተቀበረ። ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከሐይቅ፣ ከደሴና ከውጫሌ በመኪና የደረሳችሁ ሁሉ የመጣችሁት በዚያ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር የት እንደገባ፣ ለሁለተኛው ሥራ የወጣው ገንዘብ ከተቋራጩ ኪስ ይሁን ከሌላ በጀት፣ ማንም በጽሑፍ አላሳወቀንም። ከሌላ በጀት ከሆነ መንግሥት አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ገዝቶታል ማለት ነው። በምርቃቱ ቀን አባታችን የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር። ከኋላ ቆመው ነው ያሳለፉት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲቃረብ ሁለቱ ቤተሰቦች የሸሹት በአንድ የሙጂባ ሚኒባስ ነው። ሌላ መኪና አልነበረም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው፣ አንዱ በዚህ መስኮት፣ አንዱ በዚያ መስኮት እያዩ፣ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሄዱ። ሲመለሱም እንዲሁ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አባታችን የጉበት ሕመም ያዛቸው። ደሴ ሆስፒታል ገብተው ሲታከሙ፣ ሐኪሙ የነገራቸውን በሌላ ሐኪም አስጠይቀው፣ የሁለቱ ቃል አንድ በሆነ ጊዜ «እንግዲያው እውነት ነው» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ያሳሰባቸው ሕመሙ አልነበረም። ልጃቸውን ሰላማዊትን ጠርተው የመንገዱ ጉዳይ የተዘጋበትን ፋይል እንድትጠይቅ ላኳት። ሰላማዊት አራት ጊዜ ተመላለሰች። በአምስተኛው ጊዜ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሩን ዞር ብሎ አይቶ የርክክቡን ወረቀት ኮፒ ሰጣት። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር።

ከቀትር በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አነበበችላቸው። የሽማግሌዎቹ ስም ጋ ስትደርስ አስቆሟት።

«የኸሚስ ጣት ግልጽ ሆኖ ይታያል?»

«ጣት የለም አባዬ። ፊርማ ነው።»

«ደግመሽ እዪ።»

«በእስክሪብቶ ነው። ዞር ዞር ያለ ፊርማ።»

መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አዩት። አቶ ኸሚስ መጻፍ አይችሉም። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ፣ የመሬት ደብተራቸው ላይ፣ የልጆቻቸው የጋብቻ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ ጣታቸው ነው። ይህን ከአባታችን የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መነጽራቸውን አውልቀው «አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ለክቼ ይህችን አንዲት ወረቀት ሳላይ ፈረድኩ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። እኛ ልጆቻቸው አባታችን ሲያለቅሱ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሞች ሳይስማሙ በታኅሣሥ ወደ ጥድ አፋፍ ውሰዱኝ አሉ። የወሰደቻቸው ሙጂባ ናት። ከራሳቸው በር በፊት በአቶ ኸሚስ በር እንድታቆም ነገሯት፤ በእንዳለ ትከሻ ተደግፈውም ወረዱ። አቶ ኸሚስ በግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። አባታችን ወረቀቱን ዘርግተው «ኸሚስ፣ ጣትህ የለበትም። አፉ በለኝ» አሉ።

አቶ ኸሚስ ወረቀቱን አልተቀበሉም። «እኔ እንደሌለበት ድሮም አውቃለሁ። ስድስት ዓመት በአንድ አጥር ኖርን። አንድ ቀን መጥተህ ወረቀቱን እንየው ብትለኝ አብረን ሄደን እናየው ነበር» አሉ።

«ልክ ነህ።»

«ቤቴ ድረስ ታመህ መጥተሃል፤ እኔ አፉ ብያለሁ፣ አላህም አፉ ይበልህ። ግን ዝናው፣ ያን ቃል በሰው ፊት ነው ያልከኝ። ገበያ ስወጣ፣ መስጊድ ስገባ አብሮኝ ነው የሚሄደው። በሰው ፊት አንሳልኝ።»

አባታችን «አነሳልሃለሁ» አሉ። ኢንሳፍ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ዞረው አፉ በይኝ ሲሏት፣ «ጋሽ ዝናው፣ እኔ ያን ቀን ከእርስዎ የፈለግኩት አብረውኝ እንዲያለቅሱ ብቻ ነበር» አለቻቸው። አባታችን ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ ይዛ ቀና አደረገቻቸው። ከዚያ ወዲያ ገብተው እንዲቀመጡ ምንጣፍ አነጠፈች።

ቃላቸውን በጥር 21 ቀን በአስተርዮ ማርያም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚሰበሰብበት በዓል ላይ ቆመው ሊናገሩ ወስነው ነበር። ሰውነታቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ደከመ። ጥር 17 ቀን ሰላማዊትን አስጠርተው ቃላቸውን አስጻፉ። «ለማሳመር ብለሽ እንዳትቀንሺ፤ ለእኔ ብለሽም እንዳታለዝቢ» ብለው ሦስት ጊዜ አስነበቧት። በበዓሉ ቀን መቆም ካልቻሉ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ አዘዙ።

አቶ ዝናው አበጋዝ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ሥጋውን ክቡር ደሙን ተቀብለው፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዛሬ ጥር 20 ቀን በጥድ አፋፍ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፋና መርሻ፣ ሦስት ልጆቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው ከእሳቸው በኋላ ቀርተዋል። ሙጂባ ኸሚስንም እንደ አራተኛ ልጅ እንድንቆጥራት ነግረውናል።

በአቶ ኸሚስ ስም የፈረመው ማን እንደሆነ እኛ አናውቅም። ያለ ማስረጃ ማንንም አንጠራም፤ ያለ ማስረጃ መጥራት ምን እንደሚያደርስ በቤታችን አይተነዋል። የሚያውቅ ሰው ግን አለ። ምናልባት ዛሬ እዚሁ ከእኛ ጋር ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ይሆናል። ከሆነ፣ የሚቀጥለውን በደንብ ይስማ።

አባታችን ያስጻፉት ቃል ይህ ነው፦

«እኔ ዝናው አበጋዝ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሕፃን ለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ኸሚስ እንድሪስን በሐሰት ከሰስኩት። ኸሚስ አልፈረመም። ሰው ለክቶ ይናገራል ብሎ ስለሚያምነኝ የእኔ ቃል ከሌላው ሰው ቃል ይልቅ ጎድቶታል። ቆርቆሮውን ልጁ ላብ አፍስሶ የላከለት ነው። የፊተኛውን ከእኔ የሰማ ሁሉ ይህንንም ከእኔ ይስማ፤ ላልመጣውም ይንገር። ኢንሳፍ ልጇን ባጣች ማግስት ሐዘኗን ለጠብ ስላዋልኩት አፉ ትበለኝ። ኸሚስን በእግዚአብሔር ስም፣ እሱ በሚያመልከው በአላህ ስም፣ በእናንተም ፊት አፉ በለኝ እለዋለሁ።»

አቶ ኸሚስ እንድሪስ በዚህ ግቢ ውስጥ ከወንዶች ልጆቻችን ጋር ቆመዋል። አስከሬኑን ከቤት ሲያወጡ የፊተኛውን ጫፍ የያዙት እሳቸው ናቸው። አፈሩ ከመመለሱ በፊት በአጠገባቸው እያለፋችሁ እጃቸውን ጨብጡልን፤ አባታችን ሳይፈጽሙት የሄዱት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

የሰውን ልብ መዝኖ የማይሳሳት አምላክ የአባታችንን ነፍስ በቸርነቱ ይቀበልልን። ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። በእሳቸው ቃል ለተጎዱት ካሳውን፣ ለእናታችንና ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።